አክስቴ በጎ አድራጎት ሲፈትሹ

አክስቴ ጡረታ የወጡ ሰሞን የሚፈትሹት ቢያጡ የራሳቸውን ኩሽና ፈትሸው ጣሉት። በቀይ እስክሪብቶ "አያልፍም" ብለው ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉ። በሳምንቱ መልሰው ፈተሹና "ተሻሽሏል፤ ክትትል ያስፈልገዋል" አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የምግብ ቤቶችን ንፅህና ሲቆጣጠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ምግብ ቤት ሲገቡ ገና "እንደምን አደራችሁ" ሳይሉ እጃቸው ድስት ላይ ያርፋል፤ ክዳን ያነሳሉ፣ ያሸታሉ፣ በትንሿ ባትሪያቸው ምድጃው ሥር ያበራሉ። በዚህ የተነሳ የከተማው ምግብ አብሳዮች "እትዬ ክዳን" የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ስሙን ሰምተውታል፤ አልተቀየሙም። "ከዚህ የባሰም ሊሉኝ ይችሉ ነበር፤ ያስዘጋሁባቸውን ቤት ብዛት አንቺ አታውቂውም" አሉኝ።

እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። መነፅር መሸጫ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለምሠራ ጠዋት ጠዋት ሥራ የለኝም። በዚያ ላይ መኪና አለችኝ። በእነዚህ ሁለት ጥፋቶቼ ነው እዚህ ጉዳይ ውስጥ የገባሁት።

ነገሩ የጀመረው ከአክስቴ ጣራ በላይ ነው። የሚኖሩት በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ከላያቸው ባልና ሚስት ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ባልየው ደረጃ ላይ ሲያገኝዎት የያዙትን ዘንቢል ተቀብሎ የሚሸከም፣ ሰላምታው የማያልቅ ሰው ነው። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ግን ከላይ ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ይመጣል። ጎረቤቱ በሙሉ "ዕቃ እያዘዋወሩ ነው" ይላል። አክስቴም እንደ ሰዉ ሁሉ ዕቃ ነው ብለው ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አክስቴ በራቸውን ሲወለውሉ ሚስትየዋ ልጆቿን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ አገኟት። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ትንሿ ልጅ የጥርስ ብሩሽ ጨብጣለች፤ ከዚያ በቀር የያዙት ዕቃ የለም።

"ወዴት ነው?" አሉ አክስቴ።

"አላውቅም፣ እትዬ። ሰዎች አሉ፤ ዝም ብለሽ ውረጂ ብለውኛል። ማንም ቢጠይቅዎ አላየሁም ይበሉልኝ።"

በር ላይ ግራጫ መኪና ቆሞ ነበር። ሦስቱንም ጭኖ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ባልየው መጥቶ በዚያ በጨዋ አንደበቱ ሲጠይቃቸው፣ "እኔ ጡረተኛ የንፅህና ተቆጣጣሪ እንጂ ዘበኛ አይደለሁም" ብለው በሩን ፊቱ ላይ ዘጉበት።

በማግስቱ ስሄድ አክስቴ ኩሽናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የትናንቱ ብርጭቆ እንኳ አልታጠበም። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

"ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ድስት ስከፍት ኖሬ ከራሴ ጣራ በላይ ያለውን አልከፈትኩም" አሉኝ። "ስንት ቁም ሳጥን ቢኖራቸው ነው በየሳምንቱ የሚዘዋወረው? እንዴት ይህን አንድ ቀን አልጠየቅኩም?"

እኔም እሳቸው ቤት እራት ስበላ ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

"እንዲህ ያሉ ሴቶችንና ልጆችን የሚያስጠጉ ሰዎች አሉ ማለት ነው" ቀጠሉ። "እንፈልጋቸው። ከጡረታዬም ከጉልበቴም እሰጣለሁ። ግን ሳልፈትሽ ለማንም ቤሳ አልሰጥም።"

"አክስቴ፣ የእርዳታ ድርጅት እኮ ምግብ ቤት አይደለም።"

"ሰው ይበላበታል?"

"ይበላበታል እንግዲህ።"

"ታዲያ ምግብ ቤት ነው። መኪናሽን አስነሺ።"

መጀመሪያ የሄድነው ስሙ በየግድግዳው የተለጠፈ አንድ ትልቅ ድርጅት ዘንድ ነው። ሕንፃው ሰባት ፎቅ፣ ምንጣፉ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ። አንድ መልከ መልካም ወጣት፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነኝ ብሎ ተቀበለንና ጨለማ አዳራሽ አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሥዕል ያሳየን ጀመር። ክቦች አሉ፣ ቀስቶች አሉ፣ ቀስቶቹ ከክብ ወደ ክብ ይሄዳሉ። አክስቴ ሃያ ደቂቃ ታገሡ።

"ልጄ፣ ሴቶቹ የት አሉ?"

"ሴቶቹ፣ እማማ፣ የሚመጡት በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው።"

"በመጀመሪያው ምዕራፍ ማን አለ?"

"የመጀመሪያው ምዕራፍ የግንዛቤ ነው።"

"የማን ግንዛቤ?"

ልጁ ወረቀቱን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። "በዋናነት... የሠራተኞቻችን።"

"ስንት ዓመት ሆናችሁ?"

"ዘጠነኛ ዓመታችን ነው።"

አክስቴ ተነሥተው ኩሽና የት እንዳለ ጠየቁ። ኩሽናው ውስጥ የተገኘው ምግብ ማሞቂያ ምድጃ ሲሆን፣ ማሞቂያው ውስጥ አንድ ሰው የረሳው ሩዝ ጢም አብቅሏል። አክስቴ ሩዙን በባትሪያቸው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "ዘጠኝ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም" አሉና ወጣን። ሊፍት ውስጥ ደብተራቸውን አውጥተው በቀይ ጻፉ። መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ግቢው ተጠርጓል፣ አበባው ውሃ ጠጥቷል። ኃላፊዋ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ እየወለቀ ሮጣ መጥታ ተቀበለችን። ልጆቹ በቁመት ተደርድረው ሁለት መዝሙር ዘመሩልን። ሁለተኛውን ሲጨርሱ ከፊት የቆመች አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ወደ አክስቴ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣

"እትዬ፣ አሁን ነው የማቅፍዎት ወይስ ካሜራው ሲመጣ?" አለቻቸው።

ኃላፊዋ ፊቷ ተለዋወጠ። አክስቴ ግን ጎንበስ ብለው፣ "አንቺ ምን ይሻልሻል?" ብለው በቁም ነገር ጠየቋት።

ልጅቷ አሰበች። "ምሳ" አለች።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ማንንም አልሰሙም፤ ቀጥታ ወደ ኩሽና። ክዳን ተነሣ። ሾርባው ውስጥ የድስቱ ታች ይታያል። ሁለት ድንች እንደተጣሉ ሰዎች ዳርና ዳር ተቀምጠዋል። ማቀዝቀዣው ተቆልፏል፤ ቁልፉ በኃላፊዋ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። "ክፈቺው" አሉ አክስቴ። ጡረታ የወጡ መሆናቸውን ኃላፊዋ አላወቀችም፤ እሳቸውም ያን ጊዜ የረሱት ይመስለኛል። ተከፈተ። ሰዎች ለልጆቹ ያመጡት አይብ፣ ሥጋ፣ ቸኮሌት እስከ ላይ ተደርድሯል፤ ግማሹ ጊዜው አልፎበታል። "ለእንግዳ እያልን አስቀምጠነው ነው" አለች ሴትየዋ።

አክስቴ በዚያው ምሽት ሦስት ገጽ ሪፖርት ጽፈው ለቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው አስገቡ። የእሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ያየ ሁሉ እዚያ ቤት ውስጥ ብድግ ስለሚል በሦስተኛው ቀን ሰው ተላከ፤ በወሩ ኃላፊዋ ተቀየረች። ያን ዕለት ግን ልንወጣ ስንል ያቺ ልጅ ካሜራ ሳይኖር መጥታ አክስቴን ወገባቸው ላይ አቀፈቻቸው። አክስቴ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው እንደ ልብስ መስቀያ ቆመው ቀሩ።

ሦስተኛውን ያገኘነው ሽንት ቤት ውስጥ ነው። አክስቴ ለደም ግፊታቸው ክሊኒክ ሄደው የሴቶቹን ሽንት ቤት ሳይፈትሹ መውጣት አልቻሉም። በሩ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ወረቀት ተለጥፋለች፦ "ቤት ውስጥ የሚጎዳሽ ሰው አለ? ደውዪ።" ከሥሯ የስልክ ቁጥር። ስም የለ፣ ምልክት የለ፣ ፎቶ የለ። ወንድ የማያያት ቦታ ላይ ነው የተለጠፈችው። አክስቴ ቁጥሩን በቃላቸው ይዘው ወጡ፤ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ።

"ሄሎ" አለች አንዲት ረጋ ያለች ሴት። "አይዞሽ፣ ደህና ነሽ? አሁን ለመናገር ይመችሻል?"

"ይመቸኛል። ኩሽናችሁን ማየት ፈልጌ ነው።"

"ምን አልሽኝ?"

"ኩሽናችሁን። የምታበስሉበትን።"

ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ገባኝ። አጠገብሽ ሰው አለ ማለት ነው። አዎ ወይም አይ ብቻ በዪኝ።"

"አዎ። የእህቴ ልጅ አለች።"

"የምትጎዳሽ እሷ ናት?"

አክስቴ ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። የተጠየቁትን በትክክል የሚመልሱ ሰው ናቸው። "ስትነዳ ትጎዳኛለች" አሉ። "በተለይ መታጠፊያ ላይ።"

"በመኪና ነው የምትጎዳሽ?"

ስልኩን ቀማኋቸው። "ይቅርታ፣ እህቴ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም፣ እኔ..."

"እባክሽን ስልኩን ለእሷ መልሺላት" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ በረዶ ነበር። "አሁኑኑ። ያላችሁበትን ለማወቅ አይከብደንም።"

መለስኩላቸው። እኔ ወንጀለኛ አለመሆኔንና አክስቴ በምስጢር ቋንቋ እያወሩ አለመሆናቸውን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ ሴትየዋ ስትስቅ ሰማናት፤ ከዚያም አድራሻ ሰጠችን። የቤቱን አይደለም፤ የቢሮውን።

ቢሮው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ነው። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። አስተባባሪዋ አጭር፣ ጉንፋን የያዛት፣ መነፅሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ በስልክ ያናገረችን ራሷ ነበረች። አክስቴ ገና ሳይቀመጡ ሴቶቹ የሚኖሩበትን ቤት ለማየት መምጣታቸውን ነገሯት።

"አይቻልም፣ እትዬ።"

"ቆሻሻ ነው?"

"ንፁሕ ነው። ግን ቦታውን ባል እንዲያውቀው አንፈልግም።"

"ባሌ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።"

"ነፍሳቸውን ይማር። የሌሎቹ ባሎች ግን በሕይወት አሉ" አለችና አፍንጫዋን ተናፈጠች። "አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ስለ እኛ የነገረዎት ማነው? ከማን ጋር ይኖራሉ? ስልክዎን ሌላ ሰው ያነሣል? የሰሙትን ሁሉ ለሰው ይነግራሉ?"

"እኔ?" አሉ አክስቴ።

"እርስዎ።"

አንድ ሰዓት ሙሉ ተጠየቁ። መታወቂያቸው ፎቶ ኮፒ ተደረገ። የሚያውቋቸው ሁለት ሰዎች ስም ተጻፈ፤ እኔ አላልፍም ተባልኩ፣ ዘመድ ስለሆንኩ። በመጨረሻ የተሰጣቸው መልስ፦ ሦስት ወር እዚህ ቢሮ ውስጥ የተለገሰ ልብስ መለየት፤ ከዚያ በኋላ እናያለን።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቷቸውን አሰሩ። አሁን ሊፈነዱ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰው እኔን ሲፈትሸኝ የመጀመሪያዬ ነው" አሉ። ደብተራቸውን አወጡ። በሰማያዊ ጻፉ። "ያልፋሉ።"

"ምኑን አይተው?"

"ምንም አላሳዩኝም እኮ ነው የምልሽ! ለእኔ ያላሳዩትን ለማን ያሳያሉ?"

አክስቴ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ ሲለዩ የታዘብኩትን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። ሰው ለተቸገረ ሰጠሁ እያለ የሚሰጠው ነገር ይገርማል። የግራ እግር ቡትስ ብቻ መጣ። ወይን የፈሰሰበት የሙሽራ ቀሚስ መጣ። ግማሹ ያለቀ የከንፈር ቀለም፣ ጥርስ የሌለው ማበጠሪያ፣ የሙሽራ ሚዜ ኮት ከነአበባው። አክስቴ የሰጪውን ስልክ ካገኙ ይደውላሉ።

"ጤና ይስጥልኝ። ስላመጡልን ሱሪ ነበር። ዚፕ የለውም። ዚፑን ለብቻው ነው የሚለብሱት?"

አስተባባሪዋ መጀመሪያ ሰው እንዳይሸሽ ፈርታ ነበር። አንዳንዱ በእርግጥ ሸሸ። ግን አክስቴ ከእሷ ጠይቀው ያወቁትን በአንድ ወረቀት ጻፉ፦ የለበሰችውን ብቻ ይዛ የወጣች ሴት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት አዲስ የውስጥ ልብስ ነው፤ ካልሲ ነው፤ ለልጇ የጥርስ ብሩሽና የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው፤ የስልክ ቻርጀር ነው። ያንን ወረቀት ለሚጠይቅ ሁሉ መስጠት ሲጀምሩ የሚመጣው ነገር ተለወጠ። ሰዉ ክፉ ኖሮ አይደለም፤ የሚነግረው አጥቶ ነው።

ለቤቱ ድስትና እህል ሲያስፈልግ ደግሞ አክስቴ ወደ ድሮ ግዛታቸው ዘመቱ። እኔ ነጂ። የመጀመሪያው ምግብ ቤት በር ላይ ሲታዩ ውስጥ አንድ ሳህን ሲሰበር ሰማሁ፤ አንዱ አብሳይ በጓሮ በር ወጣ። ባለቤቱ እጁን እያሻሸ መጣ።

"እትዬ... ጡረታ ወጥተዋል ተብሎ አልነበረም?"

"ወጥቻለሁ። ክዳን ልከፍት አልመጣሁም፤ ድስት ልለምን ነው የመጣሁት።"

የሰው ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ሁለት ትልልቅ ድስት፣ አንድ ጆንያ ድንችና አንድ ጄሪካን ዘይት ጫነልን። "ሌላም ካስፈለገዎ፣ እዚህ ድረስ አይልፉ፣ ይደውሉልን ብቻ" እያለ እስከ መኪናው ሸኘን። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ምግብ ቤት አዳረስን። አንዱም እምቢ አላለም። ፍርሃት ይሁን ልግስና አላውቅም፤ ድንቹ ግን ያው ድንች ነው።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ነው አንድ የማናውቀው ሰው የመጣው። ሐሙስ ጠዋት ነበር። አስተባባሪዋ ትኩሳት ይዟት ቀርታለች፤ ቢሮው ውስጥ እኔና አክስቴ ብቻ ነን። በሩ ተንኳኳ። በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ሁለት ጆንያ ዱቄት አምጥቻለሁ አለ።

"ሰማሁ፣ የተጎዱ እህቶቻችንን ትረዳላችሁ። እኔም እናቴ እንደዚያው ስለነበረች ልቤ ይነካል። ዱቄቱ ግን ከባድ ነው፤ እናንተን ማድከም አልፈልግም። ቤቱን ብትነግሩኝ በቀጥታ አደርሳለሁ።"

እኔ የዋህዋ "እግዜር ይስጥልን" ልል አፌን ስከፍት አክስቴ ከጠረጴዛው ሥር በጫማቸው ረገጡኝ።

"እሰየው፣ ልጄ፣ ግባ፣ ተቀመጥ" አሉ። እንደዚያ ጣፋጭ ሆነው ሰምቻቸው አላውቅም። "ዱቄቱ የዳቦ ነው የብስኩት?"

"እ... ለሁለቱም ይሆናል።"

"የየት ወፍጮ ነው?"

"የጥሩ ወፍጮ ነው።"

አክስቴ በመስኮት አሻግረው አዩ። ከመኪናው በር የተገተረው ጆንያ ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ የዋጋ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። "ልጆችም አሉ አይደል?" አለ ሰውየው። "ልጆች ያሳዝኑኛል። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ መጥታለች ሲሉ ሰምቼ..."

ይህን ጊዜ እኔም ገባኝ። የሚፈልገው የሸሹትን የራሱን ሚስትና ልጅ ነው።

አክስቴ ግን መነፅራቸውን አደረጉ። "እንግዲህ ምግብ ነክ ስለሆነ ቅጽ አለ" አሉ። መሳቢያውን ስበው የድሮ መሥሪያ ቤታቸውን የምግብ አቅራቢዎች ቅጽ አወጡ፤ ጡረታ ሲወጡ ለትዝታ ብለው ይዘውት የወጡት ነው። "ሙሉ ስም፣ ከነአያት። አድራሻ። የመኪናው ታርጋ። መታወቂያህን ወዲህ በለኝ፣ ልመልከተው።"

ሰውየው አቅማማ፤ ግን ቅጽ ፊት የማይታዘዝ ሰው የለም። ይጽፍ ጀመር።

"ክትባት ተከትበሃል?"

"እማማ፣ እኔ እኮ ዱቄት ነው ያመጣሁት።"

"ዱቄቱን የተሸከመው ማነው? የሳንባ ራጅ አለህ? ደህና፣ የለም በል። የሰገራ ምርመራ መቼ ነው ያደረግከው?"

"የምን?"

"የሰገራ። ቀኑን ጻፍ። ካላስታወስክ ወሩን።"

ይህን እያሉ አንድ ወረቀት አጣጥፈው ሰጡኝ። "ይህን ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ነይ።" ውጭ ወጥቼ ገለጥኩት፦ "ፖሊስ። አስተባባሪዋ። ፍጠኚ፣ ልክ እንደ አነዳድሽ።"

ደወልኩ። አስተባባሪዋ ከቅጹ ላይ ያነበብኩትን ስም ስነግራት ትኩሳቷ የለቀቃት መሰለኝ። ከሚስቱ አጠገብ እንዳይደርስ ፍርድ ቤት የከለከለው ሰው ነበር። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ስድስተኛው ገጽ ላይ ደርሶ፣ ቤቱ ውስጥ አይጥ መኖር አለመኖሩን ከአክስቴ ጋር እየተከራከረ ነበር። በራሱ እጅ የጻፈው፣ የፈረመው ስድስት ገጽ ፖሊስ እጅ ገባ። ይዘውት ሲወጡ ያ ለስላሳ ድምፅ አልነበረም፤ የሰደበንን አልደግመውም።

በሩ ሲዘጋ አክስቴ ውሃ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ብርጭቆው ከንፈራቸው ጋ ሳይደርስ ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆውን ተቀበልኳቸው።

"ቤቱን ባውቅና ብነግረውስ ኖሮ?" አሉኝ። "እንዴት ያለ ጨዋ ድምፅ ነው ያለው። ብነግረውስ ኖሮ?"

"እኔ ባውቀው እነግረው ነበር፣ አክስቴ።"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው የረገጥኩሽ" አሉ። ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ጆንያዎቹ ተመለከቱ። "ዱቄቱ ግን ምንም አላጠፋም።"

አስተባባሪዋ በዚህ አልተስማማችም። ሚስቱ ያለችበት ቤት የእሱ ዱቄት አይገባም አለች፤ ከተማው ዳር ወዳለ የአረጋውያን ቤት ተላከ። ሴትየዋንና ልጅቷን በዚያው ዕለት ወደ ሌላ ከተማ አዛወሯቸው። አክስቴ ስማቸውን አልጠየቁም። በሕይወታቸው ሙሉ ሳይጠይቁ የተዉት ነገር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ቅዳሜ አስተባባሪዋ ራሷ መኪና ይዛ መጣችና አክስቴን ወደ ቤቱ ወሰደቻቸው። እኔ አልተጋበዝኩም። በኋላ እንደሰማሁት አክስቴ መንገዱን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሄዱት። "ካላየሁ አላውቅም፤ ካላወቅሁ አይወጣኝም" ብለው፤ አስተባባሪዋ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ቀሰቀሰቻቸው። አሁን ማክሰኞና ዓርብ እዚያ ምሳ ያበስላሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰፈሩን አያውቁትም፤ ወይም አላውቀውም ይላሉ።

ስለሚያዩት ነገር አይነግሩኝም። አንድ ዓርብ ብቻ፣ ከሥራ ስወጣ መነፅር ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ተቆጥተዋል። ግን ቁጣቸው ውስጥ ሌላ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

"ምን ሆኑ?"

"ከመጣች አሥራ አንድ ቀኗ ነው" አሉ፣ መኪናው ውስጥ ሲገቡ። "አንዲት ልጅ እግር ሴት። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። ስትጠራ ቀና ትላለች፣ ስትሰጪያት ትቀበላለች፣ አለቀ። ሐኪሟም አትጨቅጭቋት፣ ጊዜ ስጧት ብላለች። ዛሬ ሾርባዬን አቀረብኩላት። ቀመሰችው። ማንኪያውን አስቀመጠችና፣ በሰው መሐል፣ ጥርት ባለ ድምፅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?"

"ምን አለችዎት?"

"'ጨው የለውም' አለችኝ።"

ሳቄ አመለጠኝ። አክስቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ እሳቸውም የሚስቁ መስሎኝ ነበር። መንገድ ዳር አቆምኩና መሐረብ ሰጠኋቸው። ተናፈጡ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት" አሉ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ምግብ ማንም ትንፍሽ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ሌላዋ ተነሥታ 'እውነቷን ነው' አለች። ሦስተኛዋም። ጨው አለው እያልኩ ስንከራከር ሰዓቱ ሄደ። ያቺም ልጅ አላቋረጠችም፤ እንዴት እንደሚሠራ አስተማረችኝ። እናቷ ሽንኩርቱን ቀድማ ነው የምታቁላላው አሉ! ስታወራ፣ ስታወራ፣ ሳህኗን ጨረሰች።"

"ታዲያ ጨው ነበረው?"

"እንዴት አይኖረውም!" ብለው አፈጠጡብኝ። ከዚያ ለማክሰኞ ሽንኩርት መግዛት እንዳለባቸው ነግረውኝ፣ ገበያው በቀኝ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ቀስ በዪ አሉኝ።